«ጃስሚኔ አላብብ አለኝ» ለምትሉኝ ሁሉ

«ጃስሚን አለኝ። ልምላሜው ሌላ ነው። አበባ ግን ወፍ የለም።»

ይህን ቅሬታ ስንቴ እንደሰማሁት! ሰው በረንዳዬ ላይ የደረደርኳቸውን ፖቶች ያይና መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ያሸታል። ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ የራሱን ያሳየኛል። ፎቶው ላይ አረንጓዴ ነገር አለ። «ምን ላድርገው?» ይለኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «የትኛው ጃስሚን ነው?»

እዚህ ጋ ፊቱ ይቀየራል። ጃስሚን ጃስሚን ነው እንጂ፣ ደግሞ ምን የትኛው አለው!

አለው እንጂ። ጃስሚነም የሚባለው ወገን 200 ያህል ዝርያዎች አሉት። ጠምበለልም ከዚሁ ወገን ነው። ሁሉም የወይራ ቤተሰብ ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ ሙቀት ካላገኘ አያብብም። ሌላው ብርድ ካልቀመሰ እምቡጥ አይቋጥርም። በብርድ ወቅት ቢጫ አበባ የሚያወጣው ኑዲፍሎረም ደግሞ ሽታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ኢንተርኔት ላይ የምታነቧቸው ምክሮች እርስ በርስ የሚጋጩትም ለዚህ ይመስለኛል። መካሪዎቹ አልተሳሳቱም። የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ተክል ነው።

ሳይሆኑ በጃስሚን ስም የሚነግዱም አሉ። «ስታር ጃስሚን» የሚባለውን ቅርንጫፉን ቀንጠብ ብታደርጉት ነጭ ወተት ይወጣዋል። እውነተኛ ጃስሚን ወተት የለውም። ስታር ጃስሚን ደህና ሐረግ ነው፣ ሽታውም ጥሩ ነው፤ ግን የሌላ ቤተሰብ ልጅ ነው። ማታ ማታ ሰፈሩን በመዓዛው የሚያጥነው ሴስትረም ደግሞ «የሌሊት ጃስሚን» ይባል እንጂ ከድንችና ከቲማቲም ወገን ነው፤ መርዛማም ነው። ቢጫ አበባ ያለው «ካሮላይና ጃስሚን» ከዚያም የባሰ ነው። ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው። እውነተኛው ጃስሚን ለድመትም ለውሻም መርዝ አይደለም። ስለዚህ ሁሉን የሚቀምስ ልጅ ወይም ድመት ያለበት ቤት ስሙን ብቻ አይቶ ባይገዛ እመክራለሁ።

እውነተኞቹን ዝርያዎች፣ ሳምባክን፣ ፖሊያንተምንና ኦፊሲናሌን፣ እንዴት ትለያላችሁ? ቅጠሉን እዩ። በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ሁለት ቅጠል ፊት ለፊት ተያይቶ፣ አንዳንዴም ሦስት ሆኖ ከወጣ፣ እያንዳንዱም ያልተከፋፈለ፣ ሞላላና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሳምባክ ሳይሆን አይቀርም። በአንድ ዘንግ ላይ አምስት ወይም ሰባት ትንንሽ ቅጠሎች ከተደረደሩ ፖሊያንተም ወይም ኦፊሲናሌ ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚለየው እምቡጡና ወቅቱ ነው። ፖሊያንተም እምቡጡ ደማቅ ሮዝ ነው፤ የሚያብበውም ብርዱ ሲያበቃ ነው። ኦፊሲናሌ በበጋ ሙቀት ያብባል፤ ብርድ ሲጠና ቅጠሉን ያራግፋል። ቅጠል አረገፈ ብላችሁ ሞቷል እንዳትሉት። አይዟችሁ፣ ተኝቶ ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ።

ሳምባክ። «አረቢያን ጃስሚን» ይሉታል፤ መነሻው ግን ደቡብ እስያ ነው። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ1934 ብሔራዊ አበባዋ አድርጋዋለች። ለፖት ከእሱ የተሻለ ጃስሚን የለም ባይ ነኝ። ብዙ አይወጣጣም፤ ሐረግ ከመሆን ይልቅ ወደ ቁጥቋጦነቱ ያደላል። ሙቀት እስካለ ደግሞ እያረፈ ደጋግሞ ያብባል። እምቡጡ ሲመሽ ይፈታል፤ በማግስቱ ወደ ሐምራዊ ገርጥቶ ይረግፋል። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውዬ ሲጨልም ለምገባ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ነው። ቀን የሚያብብ አበባ ቢኖረኝ የማየው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር። ሻይ የጃስሚን ሽታ እንዲኖረው የሚያደርጉ ሰዎችም ይህን ጠባዩን ያውቁታል። ያልተፈታውን እምቡጥ ከሰዓት በኋላ ይለቅሙና ከሻይ ቅጠል ጋር ያሳድሩታል። ሌሊት ሲፈታ ሽታውን ሻይ ቅጠሉ ይጠጣዋል።

ሳምባክም ራሱ ዓይነት አለው። «ሜይድ ኦፍ ኦርሊንስ» የሚባለው አበባው ነጠላ ነው፤ ለጋስ ነው፣ ለጀማሪ የሚሆን። «ግራንድ ዱክ ኦፍ ቱስካኒ» ደግሞ እጥፍጥፍ ያለ ወፍራም አበባ አለው። ፎቶው ላይ ልብ ይሰርቃል። ግን ቀርፋፋ ነው፤ አበባ ሲሰጥም እየቆጠረ ነው። መጀመሪያ የምትገዙት ጃስሚን እሱ ከሆነ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። ለሁለተኛ ዙር አቆዩት።

ፖሊያንተምን በተመለከተ የሚደርሰኝ ቅሬታ ሁሌም አንድ ነው። ሲገዛ በሽቦ ቀለበት ላይ ተጠምጥሞ፣ በመቶ የሚቆጠር እምቡጥ ይዞ፣ ቤቱን በመዓዛ ሞልቶት ነበር። በዓመቱ ግን ቅጠል ብቻ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ይህ ተክል እምቡጥ ለመቋጠር ለተወሰኑ ሳምንታት ቀዝቃዛ ሌሊት ይፈልጋል፤ ከ5 እስከ 15 ዲግሪ ባለው መካከል። ባለቤቱ ግን አዝኖለት ሞቅ ያለ ሳሎን ውስጥ አስገብቶታል። እዘኑለት፣ ግን በረንዳ ላይ ተዉት። ውርጭ የሚጥልበት ቦታ ካልሆነ በቀር እምቡጥ እስኪታይ ድረስ ደጅ ይቆይ። ዓመቱን ሙሉ ሌሊቱ የሚሞቅ ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ይቅርባችሁ። ሳምባክ ያዙ።

ዝርያውን ለያችሁ እንበል። አሁንም አላብብ ካለ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ብርሃን ነው።

«ክፍሉ እኮ ብርሃን አለው» ይሉኛል። ዓይናችን አይታመንም። ደብዘዝ ሲል ራሱን ያስተካክልና ደህና ብርሃን ያለ ያስመስላል። ከመስኮት ሁለት ሜትር ገባ ያለ ተክል ግን መስኮቱ ሥር ካለው ጋር ሲነጻጸር የሚደርሰው ጥቂት ነው። በዚያ ብርሃን ጃስሚን መኖር ይችላል። ማበብ ግን ትርፍ ጉልበት ይጠይቃል። ሳምባክ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም። እኩለ ቀን ላይ እጃችሁን ከቅጠሉ በላይ ዘርጉ። ጥላው ጠርዙ ጥርት ብሎ ከታየ ብርሃኑ በቂ ነው። ደብዛዛ ከሆነ ወደ መስኮቱ አስጠጉት። ጥላ ከሌለ ማዳበሪያ ስትጨምሩበት ብትውሉ ለውጥ አታዩም።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ቤት ውስጥ የከረመን ተክል በአንድ ጊዜ ጠራራ ፀሐይ ላይ አታውጡት። ቅጠሉ ይቃጠላል። ለሳምንት ለአሥር ቀን ያህል ከጥላ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይልመድ። እምቡጥ ከያዘ በኋላም ቶሎ ቶሎ ቦታ አትቀያይሩበት። ደንግጦ እምቡጡን ያራግፈዋል።

ስለ ፖቱ። ሰው ሁሉ ትልቅ ፖት ይወዳል። «ይፋፋልኛል» ብሎ ትንሽዬ ችግኝ በባልዲ የሚያህል ዕቃ ውስጥ ይተክላል። ጃስሚን ግን ሥሩ ትንሽ ተጨናንቆ ሲኖር ነው የሚያብበው። ትልቅ ፖት ውስጥ ያለው ትርፍ አፈር ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ የሚጠጣው ሥር ገና አልደረሰበትም። ስትቀይሩ ከነበረው በ5 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ በቂ ነው። ሥሩ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ብቅ ሲል ወይም ያጠጣችሁት ውሃ ወዲያው ሲደርቅ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

ከታች ጠጠር መደርደር የሚባለውን ነገርም እንተወው። ውሃ እንዲያሳልፍ ተብሎ ነው የሚደረገው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። እርጥብ ስፖንጅን ጠጠር ላይ ብታስቀምጡት ውሃውን አይለቅም፤ ታችኛው ክፍሉ እንደራሰ ይቆያል። አፈርም እንደዚያው ነው። ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር ውሃ በቀላሉ አይወርድም። አፈሩ መጀመሪያ እስኪጠግብ ይጠብቃል። ስለዚህ ጠጠሩ የሚያደርገው ረግረጉን ወደ ሥሩ ከፍ ማድረግ ነው። የሚረዳው ቀዳዳና የአፈሩ ድብልቅ ነው። እኔ ሁለት እጅ ኮምፖስት የበዛበት ለም አፈር፣ አንድ እጅ ፐርላይት (ቀላል፣ ነጭ፣ ጠጠር መሰል ነገር) ወይም ሸካራ አሸዋ እደባልቃለሁ። ከጓሮ የተቆፈረ አፈር ብቻውን ፖት ውስጥ ሲገባ ይጠቀጠቃል፤ ሥሩም አየር ያጣል።

የሸክላ ፖት ቶሎ ይደርቃል፣ ስለዚህ እጁ ውሃ ማጠጣት ለሚወድ ሰው ይሆናል። ለሚረሳ ሰው ፕላስቲክ ይሻላል። ነፋስ ያለበት በረንዳ ላይ ግን ክብደቱ ስለሚጠቅም ሸክላ እመርጣለሁ። በተለይ ሐረግ መደገፊያ የተተከለበት ረጅም ፖት ቀላል ከሆነ ነፋስ ይገለብጠዋል።

ውሃ በፕሮግራም አይጠጣም። «በሳምንት ስንቴ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለኝም። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ላዩ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከደረቀ አጠጡ። ስታጠጡ ደግሞ ከታች እስኪወጣ ድረስ አጠጡ፤ በሲኒ ጠብ ጠብ ማድረግ ላዩን አርጥቦ ሥሩን ያስጠማል። ከታች ያሉት ጎረቤቴ ልብስ ያሰጡበት ሰዓት ከሆነ «ልጄ፣ እናንተ ጋ ዝናብ ጀመረ እንዴ?» ይሉኛል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፖት ሥር ሳህን አለ፤ ካጠጣሁ በኋላም የተጠራቀመውን እደፋለሁ። ሳህን ውስጥ ውሃ ተኝቶ ከዋለ ሥር ይበሰብሳል።

አፈሩ ጨርሶ ከደረቀ ደግሞ ይኮማተርና ከፖቱ ጎን ይለያያል። ያኔ የምታፈሱት ውሃ በጎን ሾልኮ ይወጣል፤ እናንተ ጠጣ ትላላችሁ፣ እሱ አልጠጣም። መፍትሔው ፖቱን ሳፋ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል መንከር ነው።

ቅጠል ቢጫ ሲሆን ሁሉም ሰው ወደ ማዳበሪያ ይሮጣል። ቆይ፣ መጀመሪያ የትኛው ቅጠል ነው? የታችኞቹ፣ ያረጁት ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆኑ ውሃ በዝቶበት ወይም ናይትሮጅን አንሶት ይሆናል። አዲሶቹ ለጋዎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው አረንጓዴ ከቀረ ግን ጉዳዩ የብረት ማዕድን ነው። ብዙ ጊዜ ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ። ኖራ የበዛበት ጠንካራ ውሃ ስታጠጡት ግን ይታሰርና ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ጃስሚን ወደ አሲድነት ትንሽ ያደላ አፈር ይወዳል። የዝናብ ውሃ ካገኛችሁ እሱን አጠጡት። ካልሆነም ለተክል የሚሆን፣ ኪሌት የተባለ የብረት ማዳበሪያ ይረዳል።

ስለ ተራው ማዳበሪያ ብዙ አልልም። ፓኬቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ የመጀመሪያው ናይትሮጅን ነው። እሱ ከሌሎቹ በጣም ከበዛ ቅጠል ታመርታላችሁ። ለሣር የተዘጋጀ ማዳበሪያ የዚህ ዓይነት ነው። እኔ የተመጣጠነውን ዓይነት ፓኬቱ ከሚለው በግማሽ አቅጥኜ፣ ተክሉ በሚያድግበት ወቅት በየሁለት ሳምንቱ እሰጣለሁ። ብርድ ሲገባ አቆማለሁ። ፖቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ የጨው ክምችት ነው። በብዙ ውሃ እጠቡት።

ዋናው ግን መቀስ ነው። ስለ ጃስሚን አንድ ነገር ብቻ ንገረን ብትሉኝ የምነግራችሁ ስለ መግረዝ ነው።

ሳምባክ የሚያብበው አዲስ በበቀለ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። አዲስ ቅርንጫፍ ካልበቀለ አዲስ አበባ የለም። ስለዚህ አንድ ዙር አብቦ ሲጨርስ ጫፉን ከአንድ ጥንድ ቅጠል በላይ ቁረጡት። ከዚያች አንጓ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል። አንድ የነበረው የአበባ ጫፍ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ሰው ግን ለመቁረጥ አንጀቱ አይችልም። «ይሄ ሁሉ ያደገው!» ይላል። ከዚያ ረጅም፣ ራቁቱን የቆመ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ጥቂት ቅጠል ያለው ዘንግ ይዞ ይመጣና ለምን አያብብም ይለኛል።

ፖሊያንተም ደግሞ በተቃራኒው ነው። እሱ የሚያብበው ባለፈው ወቅት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነው። እሱን መቁረጥ የሚቻለው አበባው እንዳለቀ ወዲያውኑ ነው። ብዙ ሰው ብርዱ ከመግባቱ በፊት «ላስተካክለው» ብሎ ጥሩ አድርጎ ይከረክመዋል። የከረከመው የመጪውን ወቅት አበባ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህን የሚያደርጉት ሰነፎቹ አይደሉም፤ ንጹሕ በረንዳ የሚወዱት፣ ታታሪዎቹ ናቸው።

ሽታውን ሁሉም ሰው እንደማይወደው ልንገራችሁ። ባለቤቴ ፖሊያንተም መኝታ ቤት ደርሶ አያውቅም፣ አይደርስምም ትላለች። ራሷን ያማታል። እውነቷን ነው። የጃስሚን ሽታ ከብዙ ነገሮች የተሠራ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ኢንዶል ይባላል። ኢንዶል በጥቂቱ ሲሆን ለአበባው ሽታ ጥልቀት ይሰጠዋል። ሲበዛ ግን ሽንት ቤት ሽንት ቤት ይላል። አንዳንድ አፍንጫ ይህን ቶሎ ይለየዋል። ሌሊት የሚጠነክረውም ለእኛ ተብሎ አይደለም። በጨለማ የሚበሩትን የእሳት እራቶች ለመጥራት ነው። ከዚህ ሽታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1962 ተለይቶ የወጣ ሜቲል ጃስሞኔት የሚባል ነገርም አለ። ተክሎች ነፍሳት ሲበሏቸው የሚለቁት የድረሱልን ምልክት መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሽታውን ስስብ ትንሽ ይከብደኛል፤ ግን እስበዋለሁ።

ተባይ ላይ አልቆይም። ደረቅ አየር ባለበት ቤት ቅጠሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ ከገረጣ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዛችሁ ቅርንጫፉን መታ መታ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ የሚንቀሳቀስ አቧራ ካያችሁ ቀይ ሸረሪት የሚሉት ነው። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ደግሞ ለጋ ጫፍና እምቡጥ ይወዳል። ለሁለቱም መጀመሪያ ጠንከር ባለ ውሃ፣ በተለይ የቅጠሉን ጀርባ፣ ማጠብ ነው። ካልበቃ ቀጠን ያለ የሳሙና ውሃ ይረጫል፤ ሲመሽ እንጂ በፀሐይ አይደለም። በሳምንቱ ድገሙት፣ እንቁላሉ በአንዴ አያልቅም።

አንድ ካላችሁ ሁለት ማድረግ ቀላል ነው። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ አበባ ያልያዘ፣ ለጋም ያልሆነ ግን እንጨት ያልሆነ ቅርንጫፍ ከአንጓ በታች ቁረጡ። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሡ። እርጥብ አሸዋና ኮምፖስት ውስጥ ትከሉትና በላስቲክ ሸፍናችሁ ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ሳምባክ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ሥር ይሰዳል። እየጎተታችሁ አትፈትሹት። ይህ ካስፈራችሁ ደግሞ ረጅሙን ቅርንጫፍ ሳትቆርጡ አጎንብሳችሁ አጠገቡ ባለ ፖት አፈር ውስጥ ቅበሩትና ድንጋይ ጫኑበት። ሥር ሲይዝ ከእናቱ ትለዩታላችሁ። ይህኛው አይከሽፍም ማለት ይቻላል።

«የሳምባክ ዘር» እያሉ በፓኬት የሚሸጡ አሉ። ሳምባክ ዘር የሚያፈራው ከስንት አንዴ ነው፤ የሚራባውም በቅርንጫፍ ነው። ገንዘባችሁን ያዙና ሲያብብ በዓይናችሁ ካያችሁት ተክል ላይ አንድ ቅርንጫፍ ለምኑ። ባለቤቱ ይህን ጽሑፍ ካነበበ እምቢ አይላችሁም፤ መቁረጡ የሚጠቅመው እሱን ነው።